ሰው የላትም

«እሷን ተዋት፤ ሰው የላትም» አሉ አያ ዝናቡ።

ያሉት በክፋት አልነበረም፤ ነገሩን ያከፋውም ይኸው ነው። ቦጋለች ከቆርቆሮ አጥሯ ወዲህ ቆማ ነጠላዋን ለኀዘን እያዘቀዘቀች ነበር። ወንዶቹ ከአጥሩ ወዲያ ዋርካው ሥር ተሰብስበዋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም። የጎረቤቷ የምንይችል ልጅ እየሩስ ቤይሩት ላይ ሞታ፣ ሬሳዋ በሌሊት ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ሐይቅ ከተማ እየመጣ ነው። ከሰዓት በኋላ ትቀበራለች፤ መቃብሩ ግን ገና አልተቆፈረም። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ የቅሬ ሕጉም አጭር ነው። ሰው ሲሞት እያንዳንዱ ቤት ሰው ይሰጣል። ብር አይደለም፣ ሰው ነው የሚሰጠው። ዳኛው ከላይኛው ቤት ጀምረው ወደ ታች እየወረዱ ይጠራሉ፤ የተጠራው ቤት ሰው «አለን» ይልና ዶማውን ወይም አካፋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያቀናል። አያ ዝናቡ የቅሬው ዳኛ ከሆኑ ጀምሮ ወረቀት ይዘው አያውቁም። ቤቶቹን በቃላቸው ነው የሚጠሩት፤ ቦጋለችም ቅደም ተከተሉን እንደ አባታችን ሆይ ታውቀዋለች። ከምንይችል ቤት ቀጥሎ የእሷ ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ የትዕዛዙ። ምንይችል ዛሬ ባለ ኀዘን ነውና አይጠራም። ስለዚህ የሷን ቤት ልትሰማ ጆሮዋን አቁማ ሳለ አያ ዝናቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «የትዕዛዙ ቤት» አሉ። ትዕዛዙ «አለን» አለ፤ መልካም ልጅ ነውና አስከትሎ «የእትዬ ቦጋለችስ?» ብሎ ጠየቀ። ያን ቃል የተናገሩት ይሄን ጊዜ ነው።

ቢሰድቧት በተሻላት። ስድብ መልስ አለው፤ እሷም ለመልስ ሰንፋ አታውቅም። ምሕረት ግን ምን ተብሎ ይመለስለታል? አያ ዝናቡ ምሕረት ነው ያደረጉላት። ከዛሬ ጀምሮ ቤቷ፣ ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው ተብለው ከቁፋሮ ነፃ ከወጡት ቤቶች ጋር ተደመረ ማለት ነው፤ በደጃቸው ሲታለፍ ከንፈር ከሚመጠጥላቸው ቤቶች ጋር። ስትሞት ይቀብሯታል፣ አይተዋትም፤ የሚቀብሯት ግን እንደ ምስኪን ነው እንጂ እንደ ባለ ቅሬ አይደለም። ቦጋለች አራት ልጅ ወልዳለች። አራቱንም አሳድጋለች። አራቱም በሕይወት አሉ። ይህች ሴት ናት እንግዲህ ሰው የላትም የተባለችው።

ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ተመልሳ ገባችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የቤቷ ዕቃ ሁሉ በልጆቿ ስም ነው የሚጠራው። ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ የሠርክአዲስ ይባላል፣ ቤይሩት ሄዳ በሦስተኛ ዓመቷ ያስነጠፈችው። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የሀብተ ጊዮርጊስ ነው፣ እሱ ሪያድ ሹፌር ነው። ፍሪጁ ዱባይ ያለችው የመስታወት ነው። መብራት አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን ስለሚቀር ቦጋለች በርበሬና ስኳር ታስቀምጥበታለች፤ ጎረቤት ገብቶ ከፍቶ ከተወው «መስታወትን ዝጊያት፣ አይጥ ይገባባታል» ትላለች። የመጨረሻው ልጇ ባዬ ዕቃ አልላከም። የእሱ ፎቶ ነው ያለው፣ የወታደር ልብስ ለብሶ፣ ሳቁን ለመደበቅ እየታገለ የተነሳው። ጦርነቱ ሐይቅ ሲገባ ከሰው ጋር ሸሽቶ ደብረ ብርሃን ደረሰ፤ ከዚያው ዘመተ። እስከዚያ ድረስ አያ ዝናቡ የቦጋለችን ቤት ሲጠሩ «አለን» የሚለው እሱ ነበር። ከሄደ ጥቂት ወራቱ ነው፤ በነዚህ ወራት ሰፈሩ ውስጥ ሰው አልሞተም ነበርና ቤቷ ማን እንዳለው የጠየቀም አልነበረም።

ልጆቿ ለምን እንደሄዱ ለማስረዳት ቦጋለች ብዙ ቃል አትፈጅም። የሟች ባሏ አባት ስምንት ጥማድ መሬት ነበራቸው፤ አራት ወንድሞች ተካፈሉት፣ ለባሏ ሁለት ጥማድ ደረሰው። ሁለት ጥማድ ለአራት ልጆች ሲካፈል በሬ ዞሮ የሚመለስበት ቦታ አይተርፍም። ከተማውም እያደገ መጥቶ ከጓሮዋ ቆመ። ባለፈው ወር ከወረዳ አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ እዚያው ዋርካ ሥር ሰብስቧቸው ነበር። ሕዝባችን በዛ፣ መሬቱ ግን ያው ነው አለ፤ በዚያ ላይ ወጣቱ እየፈለሰ ነው፣ አገር በማን ጉልበት ትለማለች አለ። ቦጋለች እጇን አወጣችና «ልጄ፣ በዛን ነው ወይስ አነስን? አንዱን ንገረን» አለችው። ሰው ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም፤ ትንሽ አሰበና «ሁለቱም ነው እማማ። ለእርሻው በዝተናል፣ ለሌላው ሁሉ አንሰናል» አላት። መልሱ ደስ አላት። ቤት ገብታም ስታስበው አመሸች፤ እውነቱን ነው፣ መሬቱ ለሰው ጠበበ፣ መቃብሩ ደግሞ ቆፋሪ እያጣ ነው። ድሮ ጎረምሳ በሚሻማበት ጉድጓድ ዛሬ አያ ዝናቡ ራሳቸው በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው ይወርዳሉ።

ስልኳን አንስታ ሠርክአዲስ ጋ ደወለች፤ አልተነሳም። ሠርክአዲስ የመጀመሪያ ልጇ ናት፣ ነገር የሚገባትም እሷ ናት። ሰሞኑን ግን ድምፅዋ አላማራትም ነበር። የእየሩስ መርዶ የተረዳ ሰሞን ደውላ «እናቴ፣ ጋሼ ምንይችል ቤት ሂጂላቸው፣ ብቻቸውን እንዳይሆኑ» አለቻት። ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር። ምን ሆንሽ ስትላት «ጉንፋን ነው» አለች። እንደገና ደወለች፤ አሁንም አልተነሳም። ቢነሳስ ምን ልትላት ነበር? ነይና ቆፍሪ?

ተነስታ ወደ አስፋልቱ ወጣች። የወንድሟ ልጅ ሙሉአለም ባጃጅ አለው፤ እሑድ እሑድ ከመናኸሪያው በላይ ከዓሣ ሻጮቹ ጎን ይቆማል። ሐይቅ በእሑድ ጧት ሥራ አይፈታም። የደሴና የወልድያ ሚኒባሶች ረዳት እያስጮኹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ቆሮሶ ዓሣ በሰባ ብር ነው እየተባለ ነው፤ ገዥዋ ትናንት በሃምሳ ነበር ትላለች፣ ሻጩ ትናንት መረቡ ሞልቶ ነው ይላታል። ሙሉአለም አክስቱን ሲያይ ሙዚቃውን ቀነሰና ወንበሩን በእጁ ጠረገላት። ነገሩን ነገረችው። ሳትጨርስ ስልኩን አወጣ። «ይኸ ምን ያስጨንቃል እትዬ፣ ሁለት ጠንካራ የቀን ሠራተኛ አሁን እልክልሻለሁ። ሦስት መቶ ሦስት መቶ ብር ቢሉ ነው። እኔ እከፍላለሁ።»

«መቃብር በቀን ሠራተኛ?» አለችው።

ሙሉአለም ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተ። እኔ ልምጣ አላት ቀጥሎ፣ ከልቡ ነው ያለው። እሱንም አልተቀበለችም። የሙሉአለም ቤት በሌላ ቅሬ ነው የሚጠራው፤ የቤት ሰው የሚባለው ደግሞ ከቤቱ የወጣ ነው፣ በውሰት አይሆንም። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ራሷ ናት ለልጆቿ ስትነግር የኖረችው። ጎረቤት ሲሞት ሠርክአዲስን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ውሃ ታስቀዳት ነበር፤ ልጅቱ ፈተና አለብኝ ብላ ስታለቅስ «በሰው ኀዘን ብር አይላክም፣ ራስ ነው የሚላከው» ትላታለች። አሁን ያ ቃሏ ዞሮ እሷኑ ያዛት። ሙሉአለም በባጃጁ ሲመልሳት፣ መታጠፊያው ላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ታየ፣ ከጥጉም የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች። ለበዓሉ በየዓመቱ ትሄዳለች፤ ከበሩ ወዲያ ሴት አይገባም። ባሏንና ወንዶች ልጆቿን አስገብታ ሠርክአዲስንና መስታወትን ይዛ ደጅ ትቀራለች፤ ሥርዓት ነውና አንድም ቀን ቅር ብሏት አያውቅም። የመቃብር ቁፋሮም እንደዚያው የወንድ ነው። ይህን ሁሉ እያወቀች ቤቷ ደጃፍ ስትወርድ፣ በቀጥታ ወደ ጓሮ ዞረችና የባሏን ዶማ ከማገዶው ሥር ጎትታ አወጣች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከሰፈሩ በላይ ጉብታው ላይ ነው። ዶማውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ዳገቱን ስትወጣ ያገኛት ሰው ሁሉ ሰላምታውን አቋርጦ ያያታል። ከጽድ ዛፎቹ ሥር ቆፋሪዎቹ ጉድጓዱን እስከ ጉልበታቸው አድርሰውታል። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ትዕዛዙ ላብ አጥምቆታል፤ አያ ዝናቡ ከጉድጓዱ ውስጥ ናቸው። የአያ ዝናቡ ሁለት ወንዶች ልጆችም አሉ፤ አልሄዱም፣ ቀርተዋል። አባታቸው በዚህ ይኮራሉ። ለሁለቱ የደረሳቸውን ቁራሽ መሬት ድንበር እያካለሉ በየዓመቱ ሽማግሌ እንደሚያስቀምጡ ሰፈሩ ቢያውቅም ፊት ለፊት አያነሳባቸውም።

«እታለም፣ ምነው፣ ውሃ ይዘሽልን ነው?» አሉ አያ ዝናቡ፣ ዶማውን እያዩት እንዳላዩ ሆነው።

«ተራዬን ልቆፍር ነው።»

ሁሉም ቀና አሉ። አያ ዝናቡ ከጉድጓዱ ወጡና ቆባቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉበት። «አንች ቦጋለች፣ ሴት መቃብር ስትቆፍር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። አራት ወልዳ ሰው የላትም የተባለችም አላየሁም።»

«ምሕረት እኮ ነው ያደረግንልሽ።»

«ምሕረት ላጠፋ ነው አያ ዝናቡ። እኔ ምን አጠፋሁ?»

አያ ዝናቡ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀላት ነበር። ከቆፋሪዎቹ ራቅ ወዳለው ጽድ ወሰዷትና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ልጆችሽ የተባረኩ ናቸው አሏት። በወረራው ጊዜ የቅሬው ድንኳን ከነምሰሶው፣ ድስቶቹም ከነክዳናቸው ሲሄዱ፣ ዛሬ ምንይችል ደጅ የተተከለውን ድንኳን እነሱና መሰሎቻቸው እንደላኩት አልካዱም። የውሃው ቦኖ ሲሰበርም ያስጠገኑት እነሱ ናቸው። «ግን እታለም፣ ድንኳን አካፋ አይዝም። እኔም ጨንቆኝ ነው። ዛሬ ያንችን ቤት ሰው ሳይኖረው ተጠርቷል ብል፣ ነገ ሁሉም ብሩን ልኮ ራሱን ያስቀራል። ኸዚያ ወዲያ እኔንስ፣ አንችንስ ማን ይቀብረናል?»

የሚሉት የራሷ ቃል ነው። ቢሆንም ዶማውን ይዛ አልተመለሰችም። ሄዳ ከጉድጓዱ አፍ ላይ አጋደመችውና «ይኸ የቤቴ ነው፣ ይዋል» አለች። ቁልቁለቱን ስትወርድ እንባዋ መጣ፤ ሰው እንዳያይባት የኀዘን እንባ አስመሰለችው። ቀኑ ለዚያ ይመች ነበር።

ሬሳው የደረሰው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ሚኒባሱ ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ቦጋለችም ጮኸች፤ እየሩስን ከደጇ ስትሮጥ ያሳደገቻት ናት፣ ስኳር ስጭኝ እያለች ፍሪጁን ስትከፍትባት የነበረች። ከሳጥኑ ጋር አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ወረደች፣ ጥቁር ልብስ የለበሰች፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ። ስህን ትባላለች፤ የውጫሌ ልጅ ናት፣ ሬሳውን ከቤይሩት ይዛ የመጣች። ሙስሊም ናትና ካህናቱ ፍትሐት ሲያደርሱ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ውጭ ከሌሎቹ የሰፈሩ ሙስሊሞች ጋር ቆማ ጠበቀች። ቦጋለች አፈር ሲመለስ ከሴቶቹ መሐል ሆና አየች፤ ድንጋዩ የትዕዛዙን ዶማ እጀታ ሰብሮበት ኖሮ፣ እጁ ላይ ያለው የእሷ ቤት ዶማ ነው። ትንሽ ቀለል አላት። ትንሽ ብቻ።

ከቀብር መልስ ሰው ድንኳኑን ሞልቶ ተቀመጠ። አዲሱ ድንኳን ጠረኑ ገና አልለቀቀም፤ ዝናብ አያስገባም፣ ሙቀት ግን ያፍናል። ንፍሮ ዞረ፣ ውሃ ዞረ። ከሩቅ አገር ሬሳ ይዞ የመጣ ሰው የሟቹን አሟሟት መናገር አለበት፤ እስኪነገር ድረስ የቤቱ ሰው ልቡ አያርፍም። ስህንን ከመሐል አስቀመጧት። ምንይችል ፊት ለፊቷ ቆሞ ነበር፣ ትዕዛዙ ይዞ አስቀመጠው። ልጅቱ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዝግ ብላ ጀመረች። እየሩስ ጉበቷን ነበር የታመመችው። አሠሪዎቿ እስከ መጨረሻው አሳክመዋታል፤ አላህ ግን ቀኗን ቆርጦት ኖሮ አልዳነችም። ስትሞትም ብቻዋን አልነበረችም፤ ቅሬው ከአልጋዋ ሥር ነበር።

«ቅሬ አልሽ ልጄ?» አሉ አያ ዝናቡ።

«አዎ አባባ፣ ቅሬ። ቤይሩት ቅሬ አለን እኮ።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተነሳ። ስህን ነገሩን ማስረዳት እንዳለባት ገባት። የአገሩ ገንዘብ የወደቀ ጊዜ ብዙ ልጆች ከሥራ ወጥተው መንገድ ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ የሞተ ሰው የሚያነሳው ጠፋ። የወሎ ልጆች ተሰበሰቡና አገራችን እንዴት ነበር የምናደርገው ተባባሉ። አቋቋሙት። ኋላ የሸዋም፣ የጎጃምም፣ የጅማም ልጆች ገቡበት፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። «ቤት የለንም፣ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው፤ ስለዚህ በክፍል ነው የምንጠራው። የተጠራው ክፍል አለን ይላል፣ አንድ ሰው ይሰጣል። ሬሳው አገር እስኪገባ ወረቀቱ ጊዜ ይፈጃል፤ እየሩስ ሃያ ቀን ያህል ቆየች። ወላሂ አንድ ቀን ብቻዋን አላደረችም። በየተራችን የሬሳ ክፍሉ ደጅ ላይ እየተቀመጥን ነው ያደርነው።» ትንፋሽ ወሰደችና ቀጠለች። «በመጀመሪያማ አንዳንዶቻችን፣ ማዳሞቹ ፈቃድ ስለማይሰጡን፣ ብር እናዋጣና የሚጠብቅላት ሰው እንቅጠር ብለን ነበር። ዳኛችን ዓይኗ ቀላ። በሰው ኀዘን ብር አይላክም፣ ራስ ነው የሚላከው ብላ ተቆጣችን።»

ቦጋለች ከሴቶቹ ተራ የያዘችው የውሃ ጣሳ እጇ ላይ ቀረ።

«ተቆጣችን አልሽ?» አሉ አያ ዝናቡ። «ዳኛችሁ ሴት ናት?»

«ሁላችንም ሴቶች ነን አባባ። ማን ይሁን?»

ኀዘን ቤት ባይሆን ይሳቅ ነበር፤ አንዳንዱም በነጠላው አፉን ያዘ። ስህን ግን ወደ ምንይችል ዞራ ነበር። የሚቀረው ነገር ለእሱ የተቀመጠ ነው። እየሩስን ዳኛዋ ራሷ እንዳጠበቻት፣ ፀጉሯን እንደሠራቻት፣ እንደገነዘቻት ነገረችው። ለዚህ ብላ ከሁለት ቤት ሥራዋ እንደቀረች ነገረችው። ለቅሶውንም ያስለቀሰችው እሷ እንደነበረች፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ሳምንት ሙሉ በእጅ ምልክት ስታዛቸው እንደሰነበተች ነገረችው። ምንይችል እስከዚያ ድረስ አላለቀሰም ነበር። ፀጉሯን ሠርታታለች ሲባል አለቀሰ። ሲረጋጋም ፊቱን ጠረገና «ስሟን ንገሪኝ ልጄ። እስክሞት በጸሎቴ እንዳስባት» አለ።

ስህን ግራ ገብቷት ዙሪያዋን አየች። «አልነገረቻችሁም እንዴ? የዚሁ የናንተው ልጅ ናት እኮ። ሠርክአዲስ ናት። እናቴ ኸድንኳኑ አትጠፋም፣ ሰላም በይልኝ ብላኝ ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ ቦጋለች ዞረ። ጉንፋን ነው ብላኛለች፣ ሌላ ነገር አላሰበችም በዚያች ቅጽበት፤ ጉንፋን ነው ብላኛለች እኮ ይቺ ልጅ። ከዚያ ነው ኩራቱ የመጣው። ኀዘን ቤት መሐል፣ የሰው ልጅ ተቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ፣ ደረቷ ውስጥ ሲሞላ ተሰማት፤ አፈረች፣ ልትመልሰው ሞከረች፣ አልመለስ አላት። ፈተና አለብኝ ብላ የምታለቅስባት፣ ባልዲ ተሸክማ የምታጉረመርም ልጇ ናት፣ ባሕር ማዶ ተሻግራ የሐይቅን ቅሬ የተከለችው። ሰው የላትም ተብላ ከተቀመጠችበት፣ ምንይችል ሰው መሐል እየተሻገረ መጣ። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ፣ ልትይዘው ብትሞክር አልቻለችም። «ልጄን የቀበረልኝ ቤትሽ ነው» አላት። አቀፈችውና ሁለቱም ለእየሩስ አለቀሱ፤ አሁን የምታለቅሰው ለእየሩስ ብቻ ነው።

አያ ዝናቡ ከወንዶቹ ተራ ሆነው አንገታቸውን ደፍተው ቆባቸውን ሲያገላብጡ ቆዩ። ጸሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል፣ እንደ ደንቡ፣ የነገውን ሥራ ለማከፋፈል ተነሱ። እስከ ሠልስቱ ድረስ ለኀዘን ቤቱ እንጨት የሚፈልጥ፣ ውሃ የሚቀዳ፣ ማታ ማታ አብሮ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። ከላይኛው ቤት ጀመሩ። የተጠራው ሁሉ «አለን» ይላል፣ እሳቸውም ሥራውን ይሰጡታል። ቦጋለች ቅደም ተከተሉን ታውቀዋለችና ቤቶቹ እየተጠሩ ወደሷ ሲወርዱ በልቧ አብራቸው ትጠራ ጀመር። ምንይችል ዘንድ ደረሱ፤ ባለ ኀዘን ነው፣ አለፉት። ትዕዛዙ ተራዬ ነው ብሎ አፉን ሊከፍት ሲል በእጃቸው መለሱት።

«የቦጋለች ቤት» አሉ። «ነገ ማለዳ እንጨት ፈለጣ።»

እንጨት ፈለጣ ከሥራው ሁሉ ከባዱ ነው። ሰው ወደ አያ ዝናቡ አየ፤ በፊታቸውም በድምፃቸውም ላይ ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም። ቦጋለች ጣሳውን አስቀመጠችና ከሴቶቹ መሐል ተነስታ ቆመች።

«አለን» አለች።